ከርነሉ ሲታደስ ስክሪኑ ለጠፋባችሁ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከጎንደር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው፤ ሊኑክስ ኮምፒዩተር ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ከታደሰ በኋላ ግራፊክስ ድራይቨሩ (የስክሪን ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) አልነሳ ይላል። ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ትዕዛዞቹን በሚነበቡበት ድምፅ በፊደላችን አስቀምጠናቸዋል። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ ክፍተቱ፣ ሰረዙና እዝባሩ እዚህ እንዳለ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ቤት አለን። ዴስክቶፑ ኡቡንቱ 22.04፣ ካርዱ ጂቲኤክስ 1650 ነው። ድራይቨሩን የጫንነው ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አውርደን በፍላሽ ባመጣነው «ራን» ፋይል ነው። ብዙ ጊዜ አፕዴት ሳናደርገው ቆይተን ሰሞኑን ብናደርገው ከርነሉ ከ5.15 ወደ 6.8 ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ሁሉን ነገር አግዝፎ በ1024 በ768 ቀረ፤ ሁለተኛው ሞኒተር ጨርሶ አይታይም። የካርዱን ሁኔታ የሚያሳየውን «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ስንለው ከድራይቨሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል። ያየው ባለሙያ ፎርማት ይደረግ ብሎናል። የጥር ሰርግ ቪዲዮዎች እዚያው ላይ ስላሉ እናንተን ሳንጠይቅ አንነካም ብለን ተውነው።

መልስ፦ አለመንካታችሁ በጀ። ድራይቨሩን አጥፍታችሁ ቢሆን ኖሮ ለአሮጌው ከርነል የተሠራው ቅጂ አብሮ ይጠፋ ነበር፤ አሁን የሚያድናችሁ ደግሞ እሱ ነው።

መጀመሪያ ሥራችሁን ጨርሱ። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የአምራቹ አርማ እንደታየ ኢስኬፕን አንዴ ብቻ ተጫኑ፤ ማሽኑ አሮጌ ባዮስ ያለው ከሆነ ሺፍትን ይዛችሁ ቆዩ። ኢስኬፕን ከደጋገማችሁት «ግሩብ» የሚል ባዶ መስመር ላይ ይጥላችኋል፤ ያኔ አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት ነው። ከሚመጣው ዝርዝር «አድቫንስድ ኦፕሽንስ ፎር ኡቡንቱ» ውስጥ ግቡና በ5.15 የሚጀምረውን፣ «ሪከቨሪ ሞድ» ያልተጻፈበትን ምረጡ። ሁለቱም ሞኒተሮች እንደ ድሮው ይበራሉ። ሰርጉን አስረክባችሁ ወደ ጥገናው ተመለሱ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኤንቪዲያ ድራይቨር አንዱ ክፍል ከርነሉ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ሞጁል ነው፤ ሞጁል ደግሞ በልክ እንደተሰፋ ልብስ ለአንድ ከርነል ብቻ ነው የሚሆነው። ለ5.15 የተሠራው «/ሊብ/ሞጁልስ» ውስጥ በ5.15 ስም በተሰየመው ፎልደር ተቀምጧል፤ 6.8 ግን የሚያየው የራሱን ፎልደር ብቻ ነው። አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥር ሞጁሉን እንደገና የሚሠራው ዲኬኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ ነው። እሱም ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የአዲሱን ከርነል ሄደር (ሞጁል ሲገነባ የሚነበቡ የከርነሉ መግለጫ ፋይሎች)፣ ከርነሉ የተሠራበትን ዓይነት ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚቀይር መሣሪያ)፣ አዲሱን ከርነል የሚያውቅ የድራይቨር ኮድ። አንዱ ከጎደለ ሞጁሉ አይሠራም፤ ማሳሰቢያው በአፕዴቱ መስመሮች መሃል ሳይታይ ያልፋል።

በአሮጌው ከርነል ላይ እንዳላችሁ፣ ስክሪኑም እየሠራ፣ ለአዲሱ መገንባት ይቻላል። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» በሉ። ምንም ካልመለሰ ራን ፋይሉ ሲጫን ለዲኬኤምኤስ ይመዝገብ ወይ ብሎ ጠይቋችሁ አይሆንም ብላችኋል ማለት ነው። የኤንቪዲያ መስመር ኖሮ ከጎኑ 5.15 ብቻ ከተጻፈ፣ ወይም «ኢንስቶልድ» በሚልበት ፈንታ «አዴድ» ብሎ ከቆመ፣ ኮዱ አለ ግን ለ6.8 አልተገነባም።

ቀጥሎ ሄደሩን እዩ። የከርነሉን ሙሉ ስም «ኤልኤስ /ቡት» ይነግራችኋል፤ 6.8.0-40-ጀነሪክ ነው እንበል።

ኤልኤስ /ሊብ/ሞጁልስ/6.8.0-40-ጀነሪክ/ቢልድ

«ኖ ሰች ፋይል» ካለ ሄደሩ የለም፤ ይህን ጫኑ፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊኑክስ-ሄደርስ-6.8.0-40-ጀነሪክ ሊኑክስ-ሄደርስ-ጀነሪክ-ኤችደብሊውኢ-22.04

ሁለተኛው ስም ለወደፊቱ ነው፤ ከርነል በታደሰ ቁጥር ሄደሩን ይዞት ይመጣል። ከዚያ ግንባታውን አስጀምሩ፦

ሱዶ ዲኬኤምኤስ አውቶኢንስቶል -ኬ 6.8.0-40-ጀነሪክ

ከተሳካ ሪስታርት አድርጋችሁ በ6.8 ግቡ። ካልተሳካ «/ቫር/ሊብ/ዲኬኤምኤስ/ኤንቪዲያ» ሥር፣ በድራይቨሩ ቁጥር በተሰየመው ፎልደር፣ «ቢልድ» ውስጥ «ሜክ.ሎግ» የሚባል ፋይል አለ። ብዙ ሰው መጨረሻውን አንብቦ «ኤረር 2» የሚለውን ይዞ ይጨነቃል፤ እሱ ምንም አይናገርም። ከላይ ጀምራችሁ «ኤረር» ተብሎ ሁለት ነጥብ የተከተለበትን የመጀመሪያውን መስመር ፈልጉ።

መስመሩ «አንሬኮግናይዝድ ኮማንድ-ላይን ኦፕሽን» ብሎ «-ኤፍትሪቪያል-አውቶ-ቫር-ኢኒት=ዚሮ» ን ከጠቀሰ ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው። ኡቡንቱ 22.04 በነባሪ የሚጠቀመው ጂሲሲ 11ን ሲሆን የ6.8ቱ ከርነል ግን የተገነባው በጂሲሲ 12 ነው፤ 11 ይህን አማራጭ አያውቀውም። በ6.8 ገብታችሁ «ካት /ፕሮክ/ቨርዥን» ብትሉ ከርነሉ በምን እንደተገነባ ራሱ ይነግራችኋል። መፍትሔው፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጂሲሲ-12

ሱዶ አፕዴት-ኦልተርኔቲቭስ --ኢንስቶል /ዩኤስአር/ቢን/ጂሲሲ ጂሲሲ /ዩኤስአር/ቢን/ጂሲሲ-12 12

የዲኬኤምኤስ ፓኬጅም ካልዘመነ አብሮ ይዘመን፤ ከዚያ «አውቶኢንስቶል» ን ድገሙት።

መስመሩ «አሳይንመንት ኦፍ ሪድ-ኦንሊ ሜምበር» ብሎ «ቪኤም_ፍላግስ» ን ከጠራ ግን በፍላሽ ያመጣችሁት ድራይቨር አርጅቷል። ከርነል 6.3 ላይ ያ ነገር በቀጥታ እንዳይጻፍበት ስለተደረገ ከዚያ በፊት የወጣ የድራይቨር ኮድ በአዲሱ ከርነል ላይ አይገነባም። ሄደርም ኮምፓይለርም ብትቀይሩ ለውጥ የለውም፤ አዲስ ድራይቨር ነው የሚያስፈልገው።

እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት እንጨምር። ራን ፋይል ለሥራ ቤት አይመከርም። የኡቡንቱን ፓኬጅ ከጫናችሁ ለየከርነሉ ቀድሞ የተገነባና የተፈረመ ሞጁል ይመጣላችኋል፤ ሄደርና ኮምፓይለር ፍለጋው ይቀራል። ዋጋው አንዴ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ማውረድ ነው። ለመቀየር መጀመሪያ «ሱዶ ኤንቪዲያ-አንኢንስቶል»፣ ቀጥሎ «ሱዶ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል»፣ ከዚያ ሪስታርት። የመጀመሪያውን ሳታደርጉ ሁለተኛውን አትሞክሩ፤ የሁለቱ ፋይሎች ተደራርበው ለመለየት ያስቸግራሉ። ለማውረዱ የኢንተርኔት ዳታው ሙሉ በሙሉ የሚበቃ መሆኑን ሳታረጋግጡም አትጀምሩ።

ጥምቀትና የሰርግ ወቅት እስኪያልፍ ከርነሉ እንዳይነካ ከፈለጋችሁ «ሱዶ አፕት-ማርክ ሆልድ» ብላችሁ ሦስቱን፣ ሊኑክስ-ጀነሪክ-ኤችደብሊውኢ-22.04፣ ሊኑክስ-ኢሜጅ-ጀነሪክ-ኤችደብሊውኢ-22.04፣ ሊኑክስ-ሄደርስ-ጀነሪክ-ኤችደብሊውኢ-22.04፣ ያዟቸው። ወቅቱ ሲያልፍ በ«አንሆልድ» ይለቀቁ፤ የደኅንነት ጥገናዎች በከርነሉ በኩል ስለሚመጡ ዓመት ሙሉ አስሮ ማስቀመጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ፤ ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ 24.04 ጎን ለጎን አሉ። ለብሌንደር ብዬ የኤንቪዲያ ድራይቨር ስጭን ስለ ሴኪዩር ቡት የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ አንድ ነገር ሞላሁ። ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ዝም አልኩት፣ ወዲያው አለፈ። አሁን «ሱዶ ሞድፕሮብ ኤንቪዲያ» ስል «ኪ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ» ይላል። ሴኪዩር ቡትን ላጥፋው?

መልስ፦ አያጥፉት፤ ቢያንስ መጀመሪያ አይደለም። ዊንዶውሱ በቢትሎከር (ዲስኩን በሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) የተቆለፈ ከሆነ ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ ባለ 48 አኃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ ሊጠይቅዎት ይችላል፤ እሱ በእጅዎ ከሌለ አንዱን ችግር ሊፈቱ ሌላ ይገዛሉ።

ያመለጠዎት ሰማያዊው ስክሪን ነው። ሴኪዩር ቡት ሲበራ ከርነሉ የሚቀበለው የታወቀ ፊርማ ያለውን ሞጁል ብቻ ነው። ዲኬኤምኤስ የሠራውን ሞጁል ኮምፒዩተርዎ በራሱ ቁልፍ ፈርሞበታል፤ ቁልፉን ማሽኑ እንዲያምነው ግን ኪቦርዱ ፊት የተቀመጠ ሰው እሺ ማለት አለበት። ሰማያዊው ስክሪን 10 ሰከንድ ጠብቆ ማንም ካልነካው ያልፋል። ጥያቄውን እንደገና ያቅርቡለት፦

ሱዶ ሞክዩቲል --ኢምፖርት /ቫር/ሊብ/ሺም-ሳይንድ/ሞክ/ሞክ.ዴር

ሞክ ማለት የማሽኑ ባለቤት ቁልፍ ነው፤ በትዕዛዙ የመጨረሻው «ሞክ» በትልልቅ የላቲን ፊደላት ነው የሚጻፈው። የይለፍ ቃል ሁለት ጊዜ ይጠይቅዎታል። አንዴ ብቻ ስለሚያገለግል አያወሳስቡት፤ 8 አኃዝ ይበቃል፣ አኃዞቹንም ከፊደሎቹ በላይ ካለው ረድፍ ይጻፉ። ሰማያዊው ስክሪን ላይ ኪቦርዱ በአሜሪካ አቀማመጥ ስለሚሠራ ልዩ ምልክት ያለበት ቃል የሚያስቸግረው እዚያ ነው። ሪስታርት ያድርጉና ስክሪኑ ሲመጣ ወዲያው ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ፤ «ኢንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ የይለፍ ቃሉ፣ «ሪቡት»። ሲጽፉ ኮከብ እንኳ ላይታይዎት ይችላል፣ አይደንግጡ።

ገብቶ እንደሆነ በ«ሞክዩቲል --ቴስት-ኪ» ከነፋይሉ አድራሻ ይፈትሹ፤ «ኦልሬዲ ኢንሮልድ» ካለ ቁልፉ ታምኗል። ቁልፉ ታምኖም ሞጁሉ ውድቅ ከሆነ «ሞዲንፎ -ኤፍ ሳይነር ኤንቪዲያ» ብለው ፈራሚውን ይመልከቱ፤ እዚህ ላይ ኤፍዋ ትልቋ ናት። ባዶ ከመለሰ ሞጁሉ ሳይፈረም ተሠርቷል፣ እንደገና መገንባት አለበት። ዴቢያን 12 የምትጠቀሙ ደግሞ ቁልፉ ያለው «/ቫር/ሊብ/ዲኬኤምኤስ/ሞክ.ፐብ» ላይ ነው፤ የቀረው አካሄድ ያው ነው።

ጥያቄ፦ አዘዞ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኡቡንቱው አፕዴት እያደረገ መሃል ላይ መብራት ጠፋ። አሁን ሲነሳ «ከርነል ፓኒክ» ብሎ «ቪኤፍኤስ፦ አንኤብል ቱ ማውንት ሩት ኤፍኤስ ኦን አንኖውን-ብሎክ(0,0)» ጽፎ ይቆማል። አንዱ ዲስኩ ሞቷል አለኝ፣ ሌላው ግራፊክስ ካርዱ ነው አለኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም አይመኑ። ከርነሉ ተገልብጧል፣ ሲነሳ ዲስኩን የሚያገኝበት «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚባለው ፋይል ግን መብራቱ ሲጠፋ ገና አልተሠራም ነበር። (0,0) የሚለው የዚያ ምልክት ነው።

ከላይ ለፒያሳዎቹ በነገርናቸው መንገድ በአሮጌው ከርነል ይነሱ። ከሁሉ በፊት «ዲኤፍ -ኤች /ቡት» ብለው ቦታ መኖሩን ይዩ፤ ቡት ለብቻው የተከፈለ ከሆነና 100 ፐርሰንት ከሞላ የሚከተለው ሁሉ «ኖ ስፔስ ሌፍት» እያለ ይወድቃል። እንዲያ ከሆነ አሁን ከሚሠሩበት ከርነል ሌላ አንድ በጣም አሮጌ ከርነል በ«ሱዶ ዲፒኬጂ --ፐርጅ» ያስወጡ፤ የሚሠሩበትን «ዩኔም -አር» ይነግርዎታል። ቀጥሎ በተራ፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ

ሱዶ አፕት -ኤፍ ኢንስቶል

ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ሲ -ኬ የአዲሱ-ከርነል-ስም

ሱዶ አፕዴት-ግሩብ

ሦስተኛው «ፋይሉ አስቀድሞ አለ» ካለ ከ«-ሲ» ይልቅ «-ዩ» ያድርጉ። የኤንቪዲያ ካርድ ካለዎት ሞጁሉም ግማሽ ላይ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት «ዲኬኤምኤስ አውቶኢንስቶል -ኬ» ን ይጨምሩበት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ማውረዱንና መጫኑን ይለያዩ። ሲወርድ መብራት ቢጠፋ ምንም አይጎዳም፣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ አደገኛው ሲጫን ያለው ሰዓት ነው። «ሱዶ አፕት አፕግሬድ -ዲ» ያወርዳል እንጂ አይጭንም። ከዚያ መብራቱ በሚረጋበት ሰዓት፣ ወይም ዩፒኤሱ ሞልቶ ሳለ፣ ያለ «-ዲ» ይድገሙት። ላፕቶፕ ያለው ሰው በዚህ በኩል ባትሪው ይክሰዋል።

ጥያቄ፦ ከቸቸላ ነው። ጂቲ 730 ካርድ አለኝ። አንዱ ቪዲዮ 390 ጫን ይላል፣ ሌላው 470 ይላል። ወደ ኡቡንቱ 24.04 ካለፍኩ በኋላ አንዱም አልሠራ አለኝ።

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፣ ጂቲ 730 የሚባል ካርድ አንድ አይደለምና። ኤንቪዲያ በዚሁ ስም ሁለት የተለያየ ትውልድ ቺፕ ሸጧል። «ኤልኤስፒሲአይ» ብለው የካርዱን መስመር ያንብቡ። ጂኤፍ108 ካለ ፌርሚ ነው፣ የመጨረሻው ድራይቨሩ 390 ነው፤ ድጋፉም በ2022 መጨረሻ ቆሟል። ጂኬ208 ካለ ኬፕለር ነው፣ የእሱ 470 ነው፤ ይህም በ2024 ከድጋፍ ወጥቷል።

ፌርሚ ከሆነ ከአዲስ ከርነል ጋር አይታገሉ። ድራይቨሩ የግድ ካስፈለገዎት ኡቡንቱ 22.04ን ከነመጀመሪያው 5.15 ከርነል ይዞ መቀጠል ነው፤ እስከ ኤፕሪል 2027 መደበኛ ድጋፍ አለው። ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ፊልም ለማየት ከሆነ 24.04 ላይ ሆነው የኤንቪዲያን ፓኬጆች በሙሉ ያስወጡና ከርነሉ ውስጥ ያለውን ኑቮ የተባለ ነፃ ድራይቨር ይጠቀሙ፦

ሱዶ አፕት ፐርጅ '^ኤንቪዲያ-.*'

ከዚያ «/ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ» ውስጥ ኑቮን ብላክሊስት የሚያደርግ (እንዳይነሳ የሚከለክል) ፋይል ቀርቶ እንደሆነ አጥፍተው «ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ» ይበሉ። ብዙዎች ይህችን ይረሱና ኑቮም አልሠራ አለ ይላሉ። ለጨዋታና ለኤዲቲንግ ግን ኑቮ እዚህ ካርድ ላይ ደካማ ነው፤ ቺፑን በሙሉ ፍጥነቱ አያሠራውም።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የወንድሜ ላፕቶፕ ራይዘን ነው፣ ከነሬዲዮን ግራፊክሱ። ከርነል ከታደሰ በኋላ ብራይትነስ አይስተካከልም፣ ቪዲዮ ይንቀረፈፋል። የኤኤምዲ ድራይቨር ከየት ላውርድ?

መልስ፦ ከየትም አታውርድ። የኤኤምዲ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ነው ያለው፤ ስሙ ኤኤምዲጂፒዩ ይባላል። «ካት /ፕሮክ/ኮማንድላይን» በልና «ኖሞድሴት» የሚል ቃል እንዳለ እይ። ኡቡንቱ ሲጫን በ«ሴፍ ግራፊክስ» ከተነሳ ይህ ቃል ሊቀር ይችላል፤ ድራይቨሩን ጨርሶ ስለሚያስቆመው ሥራውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ይሸከመዋል። ካገኘኸው «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ» ውስጥ ቃሏን ብቻ ሰርዘህ «ሱዶ አፕዴት-ግሩብ» ብለህ ሪስታርት አድርግ። ከሌለ «ሱዶ ዲሜሴጅ» ላይ ኤኤምዲጂፒዩ የሚልበትን ፈልግ፤ ፈርምዌር (ካርዱ ራሱ የሚጠቀምበት ትንሽ ፕሮግራም) አልተገኘም ካለ «ሊኑክስ-ፈርምዌር» የሚባለውን ፓኬጅ አዘምን። እሱ ከባድ ስለሆነ ዋይፋይ ባለበት ይሁን።

ጥያቄ፦ «ድራይቨር/ላይብረሪ ቨርዥን ሚስማች» ይለኛል፤ ትናንት ደህና ነበር። ምን ነካው?

መልስ፦ ድራይቨሩ ከጀርባ ታድሷል፣ በሚሞሪ ውስጥ ያለው ሞጁል ግን የትናንቱ ነው። ሪስታርት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ኢንተርኔት የለም፤ ኮምፒዩተሩ ዴስክቶፕ ስለሆነ ተሸክሜ አልወጣም። የጎደለኝ ሄደሩና ጂሲሲ 12 ብቻ መሆኑን ደርሼበታለሁ። እንዴት ላምጣው?

መልስ፦ ስልክዎ ዳታ ካለው በዩኤስቢ ያገናኙትና «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» ን ያብሩ፤ ኡቡንቱ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር እንደ ኬብል ኔትወርክ ያየዋል። ስክሪኑ ጠቁሮ በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 በገቡበት ጽሑፍ ገጽ ላይም ይሠራል። ሄደሮቹ ሁለቱ ተደምረው 20 ሜጋባይት ገደማ ናቸው፤ ኮምፓይለሩ ከዚያ ይከብዳል።

ስልኩ የማይሆን ከሆነ ቤት ባለው ኮምፒዩተር ላይ ዝርዝሩን ያውጡ፦

አፕት-ጌት ኢንስቶል --ፕሪንት-ዩአርአይስ -ዋይ ሊኑክስ-ሄደርስ-6.8.0-40-ጀነሪክ ጂሲሲ-12 > ዝርዝር

የከርነሉን ቁጥር በራስዎ ይተኩ። «ዝርዝር» የተባለው ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መስመር የማውረጃ አድራሻውን፣ የፋይሉን ስምና መጠኑን በባይት ይይዛል። ጂሲሲ 12 ሌሎች ፓኬጆችን ስለሚጠራ መስመሩ ከሁለት በላይ ይሆናል፤ አንዱም እንዳይቀር። በፍላሽ ይዘውት ኢንተርኔት ካፌ ይሂዱ፣ ዊንዶውስ ኮምፒዩተርም ቢሆን ግድ የለም፤ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ያውርዱ። መጠኑን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ፤ በመሃል የተቋረጠ ፋይል ቤት ደርሶ ነው የሚያጋልጥዎት። አድራሻው «404» ካለ ያ እትም በአዲስ ተተክቷል ማለት ነው፤ እዚያው የማውጫ ገጽ ላይ የሚገኘውን ተከታዩን የጂሲሲ እትም ከነተከታዮቹ ያውርዱ። ሄደሩን ግን በሌላ ቁጥር አይተኩ፣ ከከርነሉ ጋር እስከ መጨረሻዋ አኃዝ መግጠም አለበትና።

ቤት ሲመለሱ ፋይሎቹ ያሉበት ፎልደር ውስጥ ተርሚናል ከፍተው «ሱዶ ዲፒኬጂ -አይ *.ዴብ» ይበሉ። አንዱ ሌላውን ስለሚጠብቅ ቅደም ተከተሉ ቅሬታ ቢያስነሳ ያንኑ ትዕዛዝ አንዴ ይድገሙት። ጨርሶ ሲገባ የሚቀረው ከላይ የጻፍነው «ዲኬኤምኤስ አውቶኢንስቶል -ኬ» ብቻ ነው።